ባለ ጥለት ቢላ ለመሥራት ለምታስቡ፦ ከአንድ ሳምንት የምድጃ ሥራ ያገኘሁት

ጎኑ ላይ ጥቁርና ብርማ መስመር የሚፈስበት ቢላ አይታችሁ ይሆናል። ቅብ አይደለም። ሁለት ዓይነት አረብ ብረት ተደራርቦ፣ በእሳት ተጣብቆ፣ ተቀጥቅጦ የወጣ መልክ ነው። ይህን በእጄ ልሥራው ብዬ ለዓመታት ስመኝ ቆይቼ፣ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ አንድ ባለሙያ በሚያስተምርበት ምድጃ ቤት አንድ ሳምንት ሠራሁ። ከባድ ሳምንት ነበር። ክንድ ዝሏል፣ እንቅልፍ ጠፍቷል፣ ብዙ የተደከመበት ብረት ተቆርጦ ተጥሏል። ቢላው ግን ወጣ። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ ለምትሞክሩት ነው። ብረትም ጉልበትም በከንቱ እንዳይባክንባችሁ።

ሙያዬ ብየዳ ነው። አዲስ አበባ ተምሬው፣ እዚህም እንጀራዬን የምበላው በእሱ ነው። ልጅ ሆኜ መርካቶ ምናለሽ ተራ እመላለስ ስለነበር የመኪና ባሌስትራ መጥረቢያ ሲሆን፣ በርሜል ተቆርጦ ምድጃ ሲሆን እያየሁ ነው ያደግሁት። ብረት አዲስ አይሆንብኝም ብዬ ነበር የሄድኩት። የእሳት ብየዳ ግን ሌላ ዓለም ነው። በኤሌክትሪክ ስንበይድ ብረቱ ይቀልጣል፣ ቀልጦም ይዋሃዳል። በምድጃ ሲሆን ምንም አይቀልጥም። ሁለት ንጹህ ገጽ፣ አየር ሳይገባባቸው፣ በቂ ሙቀት ላይ ሆነው ሲነካኩ ይያያዛሉ። ንጽሕና፣ አየር አለመግባት፣ ሙቀት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በመዶሻ ብዛት አይሞላም። ሳምንቱን ሙሉ ያለቀብን ጉልበት በሙሉ የሄደው እዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ሰኞ መዶሻ አልጨበጥንም ማለት ይቻላል። ቀኑ በማጽዳት አለቀ። የተሰጠን ብረት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ 1084 ይባላል፤ 0.84 በመቶ አካባቢ ካርቦን አለው። ሌላው 15ኤን20 ነው፤ 0.75 በመቶ አካባቢ ካርቦንና 2 በመቶ ያህል ኒኬል ይዟል። ይኸኛው የእንጨት መሰንጠቂያ ትላልቅ መጋዞች የሚሠሩበት ብረት ነው። መጨረሻ ላይ አሲድ ውስጥ ሲገቡ 1084ቱ ይጠቁራል፣ ኒኬል ያለው ደግሞ አሲዱን ተቋቁሞ ብርማ ሆኖ ይቀራል። ጥለቱን የሚያወጣው ይህ ልዩነት ነው።

ብዙ ሰው ላሜራና ጠንካራ ብረት ቢደራረብም ያው ነው ብሎ ያስባል። መልኩ ሊመጣ ይችላል። ችግሩ ስለቱ ላይ ነው። በብየዳ ሙቀት ካርቦን ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ንብርብሮቹ ፈጥነው ይካፈሉታል። ግማሹ ላሜራ ከሆነ ስለቱ የሚደርሰው ካርቦን በዚያው ልክ ያንሳል፤ ቢላው ቶሎ ይዶለዱማል። ኒኬል ግን እንደ ካርቦን አይሰደድም። ስለዚህ ካርቦኑ ተካፍሎ እንኳ መስመሩ አይጠፋም። ሁለቱ ብረቶች የሚመረጡት በተቀራራቢ ሙቀት ስለሚጣበቁና በተቀራራቢ ሙቀት ስለሚጠነክሩም ጭምር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ይህን ጥንድ ይዛችሁ ጀምሩ። ከየትም የተለቀመ ብረት እየቀላቀሉ መሞከር በኋላ ይደረስበታል።

1084 ከፋብሪካ ሲመጣ ጥቁር ቅርፊት ለብሶ ነው። ያ ቅርፊት በሁለቱም ገጽ እስኪያበራ ድረስ በግራይንደር መገፈፍ አለበት። ቀጥሎ ሁለት ሁለቱን ገጥማችሁ ወደ መብራት አንሱት። በመካከላቸው ብርሃን ካሳለፉ ገጹ አልተስተካከለም፤ ተመልሳችሁ አስተካክሉት። በመጨረሻ በአሴቶን ጥረጉት፤ ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት። አሴቶኑንም ከእሳት አርቁት። ይህ ሥራ ያሰለቻል። ሰው ሁሉ እሳቱ ጋ ለመድረስ ይቸኩላል። ግን ማክሰኞ የሚጣበቀውም የማይጣበቀውም እዚህ ነው የሚወሰነው።

እኛ 13 ንብርብር ደረደርን፤ 7 ከ1084፣ 6 ከ15ኤን20። ውጭኛዎቹ ሁለቱም 1084 ናቸው። ክምሩን ሞርሳ ውስጥ አጥብቀን ጫፍና ጫፉን በኤሌክትሪክ በየድነው። ከዚያ እጀታ እንዲሆን ረጅም ፌሮ ቀጠልንበት። እዚህ ላይ ሙያዬ ጠቀመኝ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የኤሌክትሮዱ ብረት ቢላው ውስጥ መግባት የለበትም። ክምሩ ከተጣበቀ በኋላ የተበየደው ጫፍ ተቆርጦ ይጣላል። ለእጀታም ሆነ ለሌላ ነገር ዚንክ የተቀባ ብረት ምድጃ አታስገቡ። የዚንክ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። ብየዳ ላይ ስንት ጓደኞቼ በዚህ ተኝተዋል።

ከእሳቱ በፊት ስለ ጤና ልጨርስ። ልብሳችሁ ጥጥ ይሁን፤ ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የቆዳ ጫማ፣ የቆዳ ሽርጥ፣ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ አይቅርባችሁ። ግራይንደር ስትነኩ ደግሞ ደህና የመተንፈሻ ጭምብል አድርጉ፤ የጨርቅ ማስክ አይበቃም። በጋዝም በከሰልም የሚነድ ምድጃ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። በዝግ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም አትሞክሩት። የጋዝ ምድጃ ውስጡ በሴራሚክ ጥጥ የተለበጠ ከሆነ ጥጡ በሲሚንቶ መሰል ልባስ መሸፈን አለበት፤ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው። ቦራክስም (ብየዳው ላይ የሚነሰነሰው ዱቄት) ያን ጥጥ ይበላዋል።

ማክሰኞ እሳት ጀመርን። ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው የምንሠራው። ለእኔ የደረሰኝ ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። እዚያ አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ጋሼ» እያለ ጠራኝ፣ እኔም ልጄ እያልኩት ተግባባን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክምሩ ይሞቃል። ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ይወጣና ቦራክስ ይነሰነስበታል። ቦራክስ 743 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። ቀልጦ እንደ ማር ብረቱን ይሸፍነውና አየር እንዳይነካው ያደርጋል፤ የተፈጠረውን ቅርፊትም ያሟሟል። ከዚያ ክምሩ ተመልሶ ይገባና 1260 ዲግሪ አካባቢ፣ ደማቅ ቢጫ እስኪሆን ይቆያል። ወጥቶ በፕሬስ ወይም በመዶሻ ይጫናል።

ያን ጠዋት ፕሬሱ ጋ ወረፋ ነበር። ምድጃው ከሌሎቹ ሥራ የተነሳ በደንብ ግሏል። ክምራችን በቀጥታ በጣም የጋለው ቦታ ገባ። በጥቂት ደቂቃ ላዩ ቢጫ ሆነ፤ ቦራክሱም ፈላ። ለዓይን ደርሷል። ተጫነ፤ ዳግም ሞቆ ተጫነ፤ መርዘም ጀመረ። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ብረቱ መስፉ (መቀጥቀጫው ብረት) ላይ ሆኖ እየቀዘቀዘ ሳለ ልጁ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ይዩት እስቲ። እዚህ ጋ ጠቁሯል።»

ጎኑ ላይ፣ ከመሃል ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የጣት ርዝመት ያለው ጥቁር ጥላ አለ። ዙሪያው ገና ብርቱካናማ ነው። ጥላው ያለበት ቦታ ብቻ ቀድሞ ጠቁሯል። አስተማሪው መጥቶ አየውና መጋዙ ጋ ወስዶ እዚያው ላይ ቆረጠው። በተቆረጠው ገጽ ላይ ክር የምታህል ጥቁር መስመር ትታያለች። አልተጣበቀም።

ምክንያቱን ያስረዳን ያኔ ነው። ላዩ ቢጫ ሲሆን ልቡ ገና ብርቱካናማ ነበር። የውጭዎቹ ንብርብሮች ተያያዙ፣ የውስጦቹ ለመያያዝ የሚበቃ ሙቀት አላገኙም። ጥላው የሚታየውም ለዚህ ነው፦ የተላቀቀው ክፍል ከመሃሉ ሙቀት ስለማይደርሰው ቀድሞ ይቀዘቅዛል። እኔ በሙያዬ ልማድ ደግመን ብናግለውና ብንመታውስ አልኩ። አይሆንም። ስንጥቁ ውስጥ አየር ገብቶ ቅርፊት ሠርቷል፣ ቅርፊት ላይ ደግሞ ብረት አይያዝም። ጉዳቱ ያለበት ክፍል ተቆርጦ ወደቀ። ከሲሶ በላይ ነው። ልጁ ፊቱ ወደቀ፣ እኔም ዝም አልኩ። ደግነቱ ሌላ ክምር የሚሆን ብረት ተርፎ ነበር።

ሳምንቱ የተለወጠው ከዚህ በኋላ ነው። አስተማሪው መዶሻውን አስቀምጡ ብሎ ምድጃው አፍ ላይ አቆመን። ሥራችሁ ማየት ብቻ ነው አለን። የጥቁር መነጽር ደረጃውን አስተካክለን፣ መብራቱን አጥፍተን አየን። ቀለም በቀን ብርሃን ያታልላል፤ ጨለም ያለ ቦታ ላይ ነው የሚነበበው። ክምሩ መጀመሪያ ምድጃው አፍ አካባቢ ተቀመጠ። በየጊዜው ይገላበጣል። ቀይ ሲሆን ቦራክስ ተሰጠው። ወደ ውስጥ ሲገባ በንብርብሮቹ መካከል ቀጫጭን ጥላዎች ይታያሉ፣ የውስጡ ገና ስላልደረሰ። ቢጫው ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል። ጥላዎቹ አንድ በአንድ ጠፉና ክምሩ አንድ ወጥ ብረት መሰለ። ያኔም አላወጣነውም። ጥቂት ደቂቃ ጨመርንለት፣ አገላብጠን። ቦራክሱ ላዩ ላይ ሲንከባለል ይታያል።

ሲወጣ የመጀመሪያው ጭነት ለስላሳ ነው። ዓላማው ንብርብሮቹን ማነካካትና ቦራክሱን ገፍቶ ማስወጣት ነው፤ ማርዘም አይደለም። በእጅ መዶሻ የምትሠሩ ከሆነ ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ ፈጠን ያሉ ቀላል ምቶች ስጡት። የጋለ ቦራክስ በጎን ይፈናጠራል፤ ሰው ከጎን አይቁም። ብረቱን ከማርዘማችሁ በፊት ይህን ጠቅላላ ነገር አንድ ጊዜ ድገሙት። ድምፁንም አዳምጡ። ያልተጣበቀ ክምር ሲመታ ላላ ያለ፣ የሚንሿሿ ድምፅ አለው። ሲጣበቅ ድምፁ ይጠቀልላል፣ አንድ ይሆናል። ያን ድምፅ ስንሰማ ልጁ «በቃ ያዘ!» ብሎ ጮኸ። ጠርዙን በግራይንደር ገፈን አየነው። ምንም መስመር የለም።

የእሳቱንም ነገር ልብ በሉ። ጋዙ ከአየሩ በዛ ማለት አለበት። ከምድጃው አፍ ትንሽ ነበልባል ሲወጣ ካያችሁ ጥሩ ነው። አየር ከበዛ ብረቱ ዓይናችሁ እያየ ቅርፊት ይለብሳል።

ማታ ክርኔን ማጠፍ አቃተኝ። መዶሻ ጨምድዶ የሚይዝ ሰው ክርኑን ይጎዳል። ላላ አድርጋችሁ ያዙት፤ ክብደቱ ራሱ ይውረድ፣ ራሱ ይንጠር። መስፉ ከፍታው ቆማችሁ እጃችሁን ጨብጣችሁ ስትለቁት አንጓችሁ የሚደርስበት አካባቢ ቢሆን ወገባችሁም ያርፋል። ጉጠቱ ብረቱን በልኩ የሚይዝ ይሁን። ልክ ያልሆነ ጉጠት ስትታገሉት እጃችሁ ከመዶሻው በላይ በእሱ ይደክማል።

ረቡዕ ብረቱ ተሳቦ አራት ቦታ ተቆረጠ፣ ገጹ እንደገና ተገፈፈ፣ ተደራረበ፣ ተጣበቀ። 52 ሆነ። አንድ ጊዜ ተደግሞ 208። በየጊዜው ከቅርፊቱና ከግራይንደሩ የተነሳ ብረት ያልቃል፤ ካስገባችሁት እስከ ሲሶ የሚሆነው ሊጠፋ ይችላልና ስትጀምሩ ለዚያ የሚበቃ አስቡ። ስለ ንብርብር ብዛት ብዙ ይፎከራል። እኔ ብዛቱን አልወደውም። ወደ ብዙ መቶ ሲሄድ መስመሩ ይደቅና ከክንድ ርቀት አይለይም። ቁጥሩ ስለቱንም የተሻለ አያደርገውም።

ጥለቱ የሚወጣው ንብርብሩን በማወክ ነው። ቀጥ ብሎ የተደረደረው ነገር አንድ ቦታ ከፍ፣ አንድ ቦታ ዝቅ ማለት አለበት። አንዳንዱ ብረቱን ይጠመዝዘዋል። አንዳንዱ በጎኑ ላይ መስመር መስመር ይቆርጥበትና ጠፍጥፎ ያስተካክለዋል፣ የመሰላል ጥለት ይወጣል። እኛ የዝናብ ጠብታ የሚባለውን መረጥን። በትራፓኖ ሁለቱም ገጽ ላይ፣ ፊትና ኋላው እንዳይገጥም አድርገን፣ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ቦረቦርን። ከዚያ አግለን ጠፈጠፍነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ክብ በክብ ይሆናል። መጠምዘዝን ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም፤ ትንሽ ያልተጣበቀ ቦታ ካለ ያንን ይቀድደዋል። ከጥለቱ በኋላ ደግሞ ብረቱን ብዙ አትግፈፉት። የታወከው ላይኛው ክፍል ብቻ ስለሆነ ከዚያ ካለፋችሁ ጥለቱ አብሮ ይሄዳል።

ማታ ማታ ቁጭ ብለን እናወራለን። አስተማሪው ስለ ቢል ሞራን ብዙ ነገረን። ሰውየው ፍሬድሪክ አካባቢ፣ እኛ ከነበርንበት ብዙ ሳይርቅ ነበር የሚሠራው። በ1973 እ.ኤ.አ. ድርብርብ ብረት የተሠሩ ቢላዎች ለሕዝብ አሳይቶ ይህ ጥበብ አሜሪካ ውስጥ እንደገና እንዲነሳ አደረገ። በ1976 የአሜሪካ ቢላ ቀጥቃጮች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዱ ነው። ማኅበሩ ዛሬም የሊቅነት ፈተና ለሚወስድ ሰው ቢያንስ 300 ንብርብር ያለው ቢላ ሠርቶ እንዲያመጣ ይጠይቃል። ጥበቡ ራሱ ግን በጣም አሮጌ ነው። እንግሊዝ አገር ሰተን ሁ በተባለው ቦታ፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን መቃብር ውስጥ የተገኘው ጎራዴ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። የጥንቶቹ የደማስቆ ጎራዴዎች ደግሞ ከዚህ ይለያሉ። እነሱ ከሕንድና ከስሪላንካ በሚመጣ፣ በሸክላ ድስት በቀለጠ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ መስመሩ ከብረቱ ውስጥ ራሱ ይወጣል። ዛሬ ደማስቆ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው የእኛ ዓይነት ድርብርብ ነው።

ስለ አገራችን ሲጠይቁኝ ብዙ የምናገረው ነበረኝ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሠራው ቀጥቃጭ ነው። ጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤሎች በዚህ ሙያ የታወቁ ነበሩ። ያ ገበሬ ቀጥቃጩ በሠራለት ማረሻ አርሶ እየበላ፣ ሰውየውን ቡዳ ይለዋል፣ አብሮት ማዕድ አይቆርስም፣ ልጁን አይድርለትም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። ይህን ስናገር ልቤ ተነካ። አሜሪካኖቹ ገንዘብ ከፍለው፣ ፈቃድ ወስደው የሚማሩትን ሥራ እኛ ዘንድ የሚያውቀው ሰው አንገቱን ደፍቶ ሠርቶታል። አገር ቤት ያላችሁ፣ ሰፈራችሁ ቀጥቃጭ ካለ ሂዱና እግሩ ሥር ተቀመጡ። ከሰል ማንበብ፣ ቀለም ማንበብ ከእሱ የተሻለ የሚያስተምራችሁ አታገኙም።

ሐሙስ ቢላውን ማውጣት ነበር፤ ይህን አሳጥራለሁ። ጫፉን በመቀጥቀጥ አውጡት፣ ቆርጣችሁ አታውጡት፤ መስመሩ ስለቱን ተከትሎ እንዲሄድ። ሁለቱን ጎን እኩል ምቱ። ቀይነቱ ሊጠፋ ሲል መምታት አቁሙ፤ የቀዘቀዘ ብረት ይሰነጠቃል። ስለቱ በኩል 1.5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ተዉለት። አሁኑኑ ላስልለት የሚለውን ፍላጎት ተቆጣጠሩት።

ዓርብ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነው የዋለው። ብረቱ የሚጠነክርበት ቀን ነው፤ የሳምንቱ ድካም በጥቂት ሰከንድ ይወሰናል። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሙቀቱን ዝቅ እያደረግን፣ አግለን በአየር እንዲቀዘቅዝ ተውነው። መዶሻው የፈጠረበት ጭንቀት ይረግባል፣ በብዙ ሙቀት ያደገው የብረቱ ቅንጣትም ይደቅቃል። ይህን የሚዘሉ አሉ፤ እናንተ አትዝለሉት።

ከዚያ ማግኔት በሽቦ ተንጠልጥሎ ተዘጋጀ። ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ማግኔቱ እንደለቀቀው ትንሽ ጨመር አድርጋችሁ፣ 815 አካባቢ ሲሆን ዘይት ውስጥ ንከሩት። እኛ የተጠቀምነው ተራ የካኖላ የምግብ ዘይት ነው፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ የሞቀ። ለብ ያለ ዘይት ከቀዝቃዛው ይሻላል፤ ቀጭን ስለሆነ ብረቱን ቶሎ ያቅፈዋል። ውሃ አትጠቀሙ። ዘይቱ በብረት ዕቃ ይሁን፤ ክዳኑ አጠገባችሁ ይኑር። እሳት ከተነሳ በክዳን ይታፈናል፣ ውሃ ግን እንዳታፈሱበት።

ከእኛ ጎን የነበረ ተማሪ ስለቱን ቀድሞ በጣም አሳስቶት ነበር። ቢላውን ዘይት ውስጥ እንደከተተው ትንሽ «ጥን» የምትል ድምፅ ሰማን። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። ስለቱ ላይ የፀጉር ስንጥቅ። ስሱ ስለት ከቀሪው ቀድሞ ይቀዘቅዝና ይሳባል። ከልክ በላይ ከጋለ ደግሞ ባሰ። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ቢላውን እያገላበጠ ቆመ። ምንም የሚባል ነገር አልነበረም።

የእኔ ሳይሰነጠቅ ወጣ፣ ግን ትንሽ ጎብጦ ነበር። ከዘይት ከወጣ በኋላ ገና ትኩስ እያለ ጥቂት ሰከንድ አለ። በወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ወይም በሁለት ጣውላ መካከል አድርጋችሁ ያኔ ታቀኑታላችሁ። ከቀዘቀዘ በኋላ ካቀናችሁት ይሰበራል። ሞረድ ስለቱ ላይ ሳብ አድርጉ። ካንሸራተተና ካልነከሰ ጠንክሯል።

የጠነከረ ቢላ እንደዚያው አያድርም፤ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። በዚያው ቀን ምድጃ ውስጥ 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት፣ ቀዝቅዞ እንደገና ሁለት ሰዓት ይቆያል። ግትርነቱ ይረግባል፣ ፈዘዝ ያለ የገለባ ቀለም ያወጣል። የኩሽና ኦቨን ይበቃል። ግን በቁልፉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ፤ ርካሽ የኦቨን ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ውስጡ አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ በግራይንደር ስትስሉ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ስለቱ ሰማያዊ ከመታ እዚያ ቦታ ጥንካሬው ሄዷል።

ቅዳሜ የብርጭቆ ወረቀት ነው። እስከ 600 ቁጥር ድረስ፣ በእጅ፣ በአንድ አቅጣጫ። ብረቱ ያበራል፤ ጥለት የሚባል ግን አይታይም። ማንኛውም ተራ ቢላ ይመስላል። ልጁ ቢላውን ወደ መስኮቱ እያዞረ «ጋሼ፣ ጠፍቶ ይሆን እንዴ?» አለኝ። እኔም ሆዴ ቦጭ ብሎ ነበር፣ አይዞህ አልኩት እንጂ።

አሲድ ያልኩት ፌሪክ ክሎራይድ የሚባለውን ነው። እሱ አንድ እጅ፣ ውሃ ሦስት ወይም አራት እጅ፣ በፕላስቲክ ዕቃ ተበጥብጧል። ቢላው በአሴቶን ተጠርጎ ገባ። የጣት አሻራ ካለበት አሻራው ራሱ ይታተማል። በጓንት ነው የሚሠራው፣ በር ተከፍቶ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲወጣ ጥቁር ጭቃ ለብሷል። በውሃ ስር ሳሸት ሳደርገው ጭቃው ታጠበና ክቦቹ ወጡ። እያንዳንዷ ጠብታ በቀጭን ብርማ ቀለበት ተከባለች፤ ስለቱ ጋ ስትደርስ ቀለበቷ ተስባ ትረዝማለች። ጣቴን ሳሳልፍበት መስመሩ ይሰማኛል፤ አሲዱ 1084ቱን ትንሽ በልቶት ኒኬል ያለው ከፍ ብሎ ቀርቷል። ጥቁሩ እንዲጠልቅ ደግመን ደጋግመን አስገባነው። በየመሃሉ በ2000 ቁጥር ወረቀት ቀስ ብለን ብርማውን ብቻ ወለወልን። መጨረሻ ላይ አሲዱ እንዲቆም በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ታጠበ። ከዚያ በጣም የጠቆረ ቡና ውስጥ ለሰዓታት ተነከረ። አዎ፣ ቡና። በውሃ የሚሟሟው የዱቄት ቡና በርከት ተደርጎ ተበጥብጦ የአሲዱን ጥቁር የበለጠ ያጠልቀዋል፤ ብዙ ባለሙያዎች ያደርጉታል።

ቢላው አሁን ኩሽናዬ ውስጥ ነው፤ ጥሬ ሥጋም ሽንኩርትም እቆርጥበታለሁ። ይህ ብረት የማይዝግ ብረት አይደለም። ተጠቅማችሁ ወዲያው እጠቡት፣ አድርቁት፣ ትንሽ የምግብ ዘይት ቀቡት። ሎሚና ቲማቲም ላዩ ላይ አይደር። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አታስገቡት። ጥለቱ ከጊዜ ብዛት ቢደበዝዝ ተወልውሎ እንደገና አሲድ ቢገባ ይመለሳል።

መጀመር ለምትፈልጉ ደግሞ፣ መጀመሪያ ከአንድ ብረት አንድ ቢላ ሥሩ። አገር ቤት ባሌስትራ ለዚህ ደህና ነው። ግን ብዙ ጊዜ ክሮሚየም ስላለበት በእሳት ብየዳ ያስቸግራል፤ ለድርብርብ ሥራ አትምረጡት። ያገለገለ ከሆነም ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ማጠንከሩንና ማርገቡን በእሱ ላይ ከለመዳችሁ በኋላ ወደ ድርብርቡ ግቡ። ከሰል ከነፋሻ ጋር የብየዳ ሙቀት ይደርሳል፤ የጋዝ ምድጃ የግድ አይደለም። የምትሄዱበትን አስተማሪ ስትመርጡ ደግሞ በአንድ ምድጃ ስንት ሰው እንደሚሠራ ጠይቁ። ለአንድ ምድጃ ሁለት ሰው ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ከበዛ ወረፋው ያቻኩላችኋል።

ሠርታችሁ ሳይሆን ገዝታችሁ የምትፈልጉትም አላችሁ። ገበያ ላይ ጥለቱ በሌዘር ብቻ የታተመበት ቢላ ሞልቷል። የቢላውን ጀርባ እዩ። እውነተኛ ድርብርብ ከሆነ የጎኑ መስመር ጀርባውን ተሻግሮ ወደ ሌላው ጎን ይቀጥላል። ጀርባው ባዶ ከሆነ፣ ወይም በሁለቱም ጎን ያለው ጥለት ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ሻጩን ሁለቱ ብረቶች ምንና ምን እንደሆኑ ጠይቁት። የሠራው ሰው ይህን ወዲያው ይነግራችኋል።